የብር ወንበርና ሰማንያ ወታደር፦ ዋግ ከአንዲት ትንሽ አገር ጎን



በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት የቁጠባና የብድር ሒሳብ ነው። ዛሬ ግን ከሒሳብ ክፍላችን የቀረበላችሁ የታሪክ ጽሑፍ ነው። ምክንያት አለን። ሰቆጣ የሚለው ስም በሩቅ ሰው ዘንድ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በ1977ቱ ረሃብና መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ቃል ኪዳኑ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የታሰበ ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ እኛም በየቡድኖቻችን እናቶችን የምናስተምርበት ነው። ይሁን እንጂ አንድ አገር በረሃብ ብቻ ሲጠራ ልጆቹም ራሳቸውን በዚያው ዓይን ማየት ይጀምራሉ። ልጆቻችን ለትምህርት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄደው «ከየት ነሽ?» ሲባሉና «ከሰቆጣ» ብለው ሲመልሱ የሚያዩት ፊት ብዙ ጊዜ የሐዘኔታ ፊት ነው።

ስለዚህ ዋግን ከአንዲት ሀብታም፣ ግን እጅግ ትንሽ ከሆነች ነፃ አገር ጎን አስቀምጠን ልናያት ፈለግን። አገሪቱ ሊክተንስታይን ትባላለች።

ሊክተንስታይን በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ መካከል፣ ከራይን ወንዝ ዳር፣ ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ናት። ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ርዝመቷም ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት አህያዋን እየነዳች ከደቡብ ጫፏ የተነሣች ገበያተኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰሜን በኩል አገሩን ጨርሳ ትወጣለች። ነዋሪዎቿ 40 ሺህ ገደማ ናቸው። የእኛ ዋግ ኽምራ ስፋቱ ከ9 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራም ሕዝቡ ከ420 ሺህ በላይ ነበር። በስፋት ብናካፍለው በዞናችን ውስጥ ከ50 በላይ ሊክተንስታይኖች ይገባሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ባሕር የለንም ብለን እናዝናለን። ሊክተንስታይን ግን እሷም ባሕር የላትም፣ ሁለቱ ጎረቤቶቿም የላቸውም። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉት አገሮች እሷና ኡዝቤኪስታን ብቻ ናቸው። የራሷ ገንዘብም የላትም፤ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ የምትገበያየው በስዊዘርላንድ ፍራንክ ነው። የራሷ ቋንቋም የላትም፤ የመንግሥቱም የትምህርት ቤቱም ቋንቋ ጀርመንኛ ነው። ሆኖም መስፍን አላት፣ ፓርላማ አላት፣ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም እንደ ትልቆቹ አንድ ድምፅ አላት። ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች የሚገርመን ደግሞ፣ በአንድ ወቅት በአገሪቱ የተመዘገቡት ድርጅቶች ቁጥር ከነዋሪዎቿ ቁጥር ይበልጥ ነበር። ብዙዎቹ ከፖስታ ሣጥን በቀር ሌላ ነገር አልነበራቸውም። የእነዚያን ሁሉ ደብተር መመርመር ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ እናንተው አስቡት።

አመሠራረቷ ከዚህም ይብሳል። ሊክተንስታይን የአገር ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ ቤተሰብ ስም ነበር። ቤተሰቡ በቪየና ከተማ በነገሥታቱ አጠገብ የሚኖር ባለጸጋ ነበር፤ ሰፊ ርስትም ነበረው። የጎደለው ነገር በንጉሠ ነገሥቱ የመሳፍንት ጉባኤ ላይ የሚቀመጥበት ወንበር ነበር። ወንበሩን ለማግኘት ደግሞ በሌላ ጌታ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገዛ መሬት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1699 ሼለንበርግን፣ በ1712 ደግሞ ቫዱዝን በገንዘባቸው ገዙ። በ1719 ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን አንድ አድርጎ በቤተሰቡ ስም ሰየማቸው። በሥልጣን ላይ ያለ መስፍን አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ያየው በ1842 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። መሳፍንቱ ኑሯቸውን ከቪየና ወደ ቫዱዝ ያዛወሩት እንኳ በ1938 ነው።

በዋግ ታሪክ ውስጥም ወንበር አለ፤ ያውም የብር ወንበር።

የዛጉዌ ነገሥታት ከላስታ ተነሥተው ኢትዮጵያን እንደ ገዙ ሁላችንም እናውቃለን። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ የዚህ የአገው ቤት ልጆች ናቸው። በ1262 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1270) መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር የዛጉዌ ወገን ጨርሶ አልጠፋም። አባቶች ሲያወርዱ ሲያዋርዱ ባቆዩት ትውፊት መሠረት በሁለቱ ወገኖች መካከል ስምምነት ተደረገ። የዛጉዌ ዘሮች ዋግን ይዘው እንዲቀመጡ፣ ሹመቱም ከዚያው ቤት እንዳይወጣ ተወሰነ። ገዥውም ዋግሹም ተባለ። ዋግሹም ነጋሪት የማስጎሰም መብት ነበረው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊትም በብር ወንበር ይቀመጥ ነበር ይባላል። ወርቁ ለንጉሠ ነገሥቱ፣ ብሩ ለዋግሹም መሆኑ ነው። ሊክተንስታይኖች ወንበር ፍለጋ አገር ገዙ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ትልቁን ዙፋን ለቀው አገራቸውንና ትንሹን ወንበር ያዙ።

ይህን ስንል ዋግ እንደ ዛሬው አነጋገር ነፃ አገር ነበረ ማለታችን አይደለም። ዋግሹም ለንጉሠ ነገሥቱ ይገብር ነበር፤ ክተት ሲባልም ይዘምት ነበር። እንዲህ ብለው የሚያጋንኑ ሰዎች ሲያጋጥሙን እኛም አንስማማም። ግን ከላይ ያለው መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ከተማው ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር፣ መሳፍንት ሲነሡና ሲወድቁ፣ እዚህ አንድ ቤት፣ አንድ ማዕረግና አንድ ቋንቋ ቆይተዋል። ትውፊቱን ተቀብለን ከ1262 እስከ 1966ቱ አብዮት ብንቆጥር 704 ዓመት ይሆናል። ሊክተንስታይን 300ኛ ዓመቷን ያከበረችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሰቆጣ አጠገብ ባለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች አስከሬን በየሣጥኑ ይገኛል። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው፤ የአገሩ ሰውም ከላሊበላ ውቅሮች ይቀድማል ይላል።

በዋግሹሞች ዝርዝር ውስጥ የሴት ስም የለም። ትውፊቱ ግን የዛጉዌን ቤት የሚጀምረው ከሴት ነው። የመጨረሻው የአክሱም ንጉሥ የድል ነዓድ ልጅ መሶበ ወርቅ የላስታውን መራ ተክለ ሃይማኖትን አገባች፤ መንግሥቱም ወደዚህ መጣ ይባላል። የላሊበላ ባለቤት መስቀል ክብራም አሉ። ቤተ አባ ሊባኖስን ከመላእክት ጋር ሆነው በአንድ ሌሊት አሠሩት ተብሎ ይተረካል። ሌላው ሰው ሲተኛ ሥራ መሥራት ለሴት እንግዳ ስላልሆነ፣ እኛ ታሪኩን ለመቀበል ብዙም አንቸገርም።

ሰቆጣ የሹም መቀመጫ ብቻ አልነበረችም፤ የገበያ ከተማም ነበረች። የገበያው ንጉሥ ጨው ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተፈለጠ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣና ሰቆጣ ይደርስ ነበር፤ ከዚህም ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያ ወዲያ ይሄዳል። አሞሌ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል ጽፏል። ከማውጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምርም አስተውሏል። ይህ አሠራር እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ዘልቋል።

እስቲ ይህን ገንዘብ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እንመልከተው። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ከተሰበረ እንደ ሙሉ አይቆጠርም፤ ስለዚህ እንዳይሰበር ዙሪያውን በልጥ ይታሰራል። አንድ ነጋዴ ሰቆጣ ላይ የገዛውን አሞሌ ጎጃም ቢያደርሰው ያተርፋል፤ መልሶ ወደ ትግራይ ቢወስደው ይከስራል። ስለዚህ ያው አንድ አሞሌ በየገበያው የተለያየ ዋጋ አለው፤ የነጋዴው ትርፍም ያለው በእግሩ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ገንዘብ ይበላል። የቤት ወጪ የሚባለው ነገር በቀጥታ ከካዝናው ተፈርፍሮ ወደ ድስቱ ይገባል። ጨውን ከእርጥበት መጠበቅ የጓዳ ሥራ ስለ ሆነ የቤቱን ካዝና የያዘችው እመቤቲቱ ነበረች ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ዛሬ በየቡድናችን የገንዘብ ያዥነቱን ሥራ በጥንቃቄ የሚሠሩትን እናቶች ስናይ ይህ ነገር ከየት እንደ መጣ እንጠረጥራለን።

ከአሞሌ በላይ ያለው ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር፤ ማርትሬዛ የምንለው። በላዩ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን እሷ ከሞተች በኋላም ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር እንደ ያዘ ሲመታ ኖሯል። ይመታባቸው ከነበሩት ከተሞች አንዷ ቪየና ናት። የሊክተንስታይን መሳፍንትም የሚኖሩት እዚያው ነበር። የቫዱዝ ገበሬ የሚገብርላቸው ጌቶችና ሰቆጣ ገበያ ላይ በቅሎ የሚገዛበት ብር የአንድ ከተማ ሰዎችና ዕቃዎች ነበሩ ማለት ነው።

ወደ ወንበሩ እንመለስ። ሁለቱ ምድሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የተለያየ መንገድ ያዙ። ዓመቱ በእኛ 1860፣ በፈረንጆቹ 1868 ነው።

ሊክተንስታይን ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በተደረገ ጦርነት 80 ሰው አዝምታ ነበር። ወታደሮቹ ተራራ ላይ ወጥተው በኢጣሊያ በኩል ያለውን ማለፊያ ሲጠብቁ ከረሙ እንጂ አልተዋጉም። ሲመለሱ 81 ሆነው ገቡ ይባላል፤ አንዱ በመንገድ የተወዳጃቸው ነው። ዘምቶ በዝቶ የተመለሰ ጦር ሌላ የሰማን አይመስለንም። ሆኖም ሠራዊት ወጪው ለትንሽ አገር ከባድ ስለ ሆነ በ1868 ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህም ሊክተንስታይን ሠራዊት የላትም።

በዋግ የሆነው ሌላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን አስገድለዋቸው ነበር። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ። የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ ወደ መቅደላ ሲሄድም አልተቃወሙትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የዛጉዌ ዘር ወደ ትልቁ ዙፋን ተመለሰ።

ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ የደጃዝማች ካሣ ምርጫ እኅት ነበሩ። ካሣ ደግሞ እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ነበር፤ ጆን ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን ያሠለጥን ነበር። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ በአድዋ አጠገብ አሰም በሚባል ቦታ ገጠሙ። የታሪክ ጸሐፊዎች የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት 60 ሺህ፣ የካሣን 12 ሺህ ያደርሱታል። ያሸነፉት ካሣ ናቸው፤ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው ዓይናቸው ጠፋ፤ በእስር እንዳሉም ሞቱ። ለዘመናት በብር ወንበሩ የኖረው ቤት በትልቁ ዙፋን የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእቴጌ ድንቅነሽ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ባልና ወንድማቸው ምን እንደሚሆኑ ለማስረዳት ያህል ነው። እኛ ግን እዚያው ላይ ቆም እንላለን። የባላቸውን ዓይን ያጠፋው የወንድማቸው ድል ነው። በዚያ ቀን ለማን ሊያለቅሱ ነው? አማትና ወላጅ፣ ባልና ወንድም በተጣሉ ቁጥር መሐል የምትቀመጠው ሴት በየቡድናችን ስላለች፣ ይህ ጥያቄ ለእኛ የቆየ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከአሰም በኋላም የዋግሹም ቤት አልጠፋም። ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. አድዋ ዘምተዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በላስታና በዋግ ሕዝቡን አስነሥተው ተዋጉ። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተይዘው ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ በአደባባይ እንዲታይ ተደረገ። ይህን ስናነብ ስለ 80ዎቹ ወታደሮች የሳቅነው ሳቅ ይጠፋብናል። ሠራዊት መበተን የሚችለው ጎረቤቱ የሚተወው አገር ነው። ሆኖም ለሊክተንስታይንም ፍትሕ እንስጥ። በ1945 (እ.ኤ.አ.) ወደ 500 የሚሆኑ ሩሲያውያን ወታደሮች ድንበሯን አልፈው ገቡ። ሶቭየት ኅብረት አስረክቡኝ ስትል፣ ሠራዊት የሌላትና በዚያን ጊዜ ሕዝቧ 12 ሺህ ገደማ የነበረ አገር አላስረክብም ብላ መለሰች። ብዙዎቹም በኋላ ወደ አርጀንቲና ተሻገሩ።

አሁን ለሴቶች ማኅበር ጋዜጣ የሚገባው ነገር ላይ ደረስን።

በሊክተንስታይን ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት መቼ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ጉዳዩ በ1971ና በ1973 ለወንዶች ድምፅ ቀርቦ ወድቆ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ፣ በእኛ ሰኔ 1976 መጨረሻ መሆኑ ነው፣ 2,370 ወንዶች ይሁን አሉ፣ 2,251 አይሁን አሉ። ልዩነቱ 119 ድምፅ ነው። በእኛ አገር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለወንድም ለሴትም የመምረጥ መብት ሰጥቶ ነበር፤ በ1957 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገብተዋል። ስለዚህ የሰቆጣ ሴት በሕግ ከቫዱዝ ሴት 29 ዓመት ቀድማ መራጭ ነበረች። በወረቀት ያለ መብት ምን ያህል እንደሚራመድ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ወረቀቱ የእኛ ይቀድማል።

ከዚያ የቫዱዝ ድምፅ በኋላ አራት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1977፣ የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ከዋግ ቆላና ደጋ በእግራቸው ኮረም የደረሱት እናቶች በሕግ መራጮች ነበሩ፤ ዓለም ያወቃቸው ግን በሌላ ነገር ነው። ሀብትና መብት አብረው አይሄዱም የሚለውን ነገር እንዲህ በግልጽ የሚያሳይ ሌላ ዓመት አናውቅም።

ቋንቋውን ሳናነሣ አንጨርስም። ሊክተንስታይን የሌላትን እኛ አለን፤ ኽምጠኛ። ከአዊኛ፣ ከቅማንትኛና በኤርትራ ከሚነገረው ከብሌንኛ ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። የከረን ብሌኖችም አባቶቻችን ከላስታ መጡ ይላሉ። ስለ ኽምጠኛ ሊዮ ራይኒሽ የሚባል ምሁር መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ከተማዋም ያችው ቪየና ናት። ብሩ ከቪየና ወደ ሰቆጣ መጣ፤ ቃላችን ደግሞ ከዚህ ወደ ቪየና ሄደ። ዋግ ኽምራ ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ኽምጠኛም በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ በሬዲዮም ይደመጣል። በትልቅ ቤት ውስጥ ትንሽ ወንበር ይዞ መኖር እዚህ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ይህ አደረጃጀት አዲስ ነገር አልመሰለንም።

የቡድኖቻችን ቃለ ጉባኤና የብድር ውል የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ከዝቋላና ከአበርገሌ ቡድኖች ግን ኽምጠኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች በጣት አሻራቸው የሚፈርሙበትን ውል በቋንቋቸው ሰምተው እንዲፈርሙ የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይታያል። የመተዳደሪያ ደንባችንን ወደ ኽምጠኛ ለመመለስ ወለድ፣ ዋስትና እና ቅጣት ለሚሉት ቃላት የቆየ ስም የምታውቁ፣ በተለይም በአሞሌ ዘመን ዱቤ እንዴት ይባል እንደ ነበር ከእናቶቻችሁ የሰማችሁ አባላት፣ በየቡድናችሁ ጸሐፊ በኩል ቃሉን ላኩልን።